ቀሪ ሁለት

ልጅቷ ወረቀቱን ከደብተሯ መሀል አውጥታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አኖረችው።  ወደ በርጩማዋ ሄዳ ተቀመጠችና ያንን ገና በደንብ የማይታጠፈውን ቀኝ እግሯን ወደፊት ዘረጋችው።

አያቷ የጀመረውን እጅጌ ሳይጨርስ ወረቀቱን አልነካም። ልብስ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት በዚችው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል፤ ስፌት አጋምሶ የሚነሳ ሰው አይወድም። ጨርሶ ክሩን ከቆረጠ በኋላ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው አወረደ።

አሥር የማካፈል ጥያቄዎች ናቸው። አራቱ ራይት፣ ስድስቱ ኤክስ። ከሥር መምህርቷ በቀይ ጽፋለች፦ «ዓርብ ከክፍሉ ጋር ሌላ ፈተና ትወስዳለች። ከሰባት በታች ካመጣች ሦስተኛ ክፍል ብትወርድ ይሻላታል። ወላጅ ፈርሞ ይመልስ።»

«ወላጁ ማን ነው?» አለ።

«አንተ ፈርም፣ አባባ። እማዬ ካየችው ታለቅሳለች።»

«እኔስ?»

«አንተ አታለቅስም።»

አልፈረመም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። አሥራ አንድ ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበረች። እናቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እዚህ፣ በስፌት ቤቱ ውስጥ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ዋለች። አያቷ ሥራ ሰጣት። ቁልፎችን በቀለምና በመጠን ትለያለች፤ ለየሸሚዙ የሚሆነውን ቆጥራ ትደረድራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አታምታታም። አራተኛ ክፍሎች ማካፈልን የተማሩት በዚያው አሥራ አንድ ሳምንት ነበር። ስትመለስ ልጆቹ «ጄሶ» የሚል ስም አውጥተውላት ጠበቋት። ስሙን ቻለችው። ማካፈሉ ግን አልተቻላትም።

«ነይ ወዲህ» አላት። «ቁልፎቹን አምጪ።»

ከፈተናው አንዱን ጥያቄ ወስዶ ሃያ ሦስት ነጭ ቁልፍ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ለአንድ የልጅ ሸሚዝ አምስት ቁልፍ። ስንት ሸሚዝ ይሞላል?»

ልጅቷ አምስት አምስት አድርጋ በጣቷ ገፋቻቸው። የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀባትም።

«አራት።»

«ጎበዝ። ቀሪስ?»

«ሁለት።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን አየ። ሦስት ቁልፎች ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እንደገና ቁጠሪ።»

«ቆጠርኩ እኮ።»

«ይሄ ፊትሽ ያለው ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«እህ! ታዲያ ቀሪው ስንት ነው?»

ልጅቷ ሦስቱን ቁልፎች አየች፤ እሱን አየች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሁለት» አለች።

ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ የሰዓት ጠጋኙ ሳቅ ተሰማ። ቤቱን እኩል የሚጋሩት ሁለቱ ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው፣ እሱም ተዘግቶ አያውቅም።

«ይቺ ልጅ የእኔን የግድግዳ ሰዓት ወጥታለች» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወጣ። «እሱም ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቴ ነው የሚደውለው። ስድስት ወር ፈትቼ ገጠምኩት።»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

«ሥራዬማ ቆሟል፤ የሚሄድ ሰዓት ማን ያመጣልኛል?»

አያትየው ከፈተናው ሌላ ሞከረ። አሥራ ሰባት ቁልፍ፣ ለአራት። «አራት ይደርሳል» አለች። ልክ ነው። «ቀሪ ሦስት» አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ቁልፍ ነው። ሌላ ሞከረ። ሃያ ስድስት ለአራት። «ስድስት፣ ቀሪ ሁለት።» ይሄኛው ልክ ሆነ! ደስ ብሎት ሃያ ለስድስት ጠየቃት። «ሦስት፣ ቀሪ አራት።» ሁለት ቁልፍ ፊቷ ተቀምጦ «አራት» ትለዋለች።

ሁለቱን ቁልፎች በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ እያየ ትዋሺኛለሽ?»

  ልጅቷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ማስቀመጫው ቆርቆሮ መለሰች፤ እያንዳንዷ ጠብ ስትል ትሰማለች።

እናቷ አመሻሽ ላይ ልትወስዳት መጣች። ክንዷ ላይ ዱቄት አለ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ መቀመጣቸውን ስታይ ነገሩ ገባት፤ ከአባቷ ደረት ኪስ ብቅ ያለውን ወረቀት ስባ አወጣች። ልጅቷ እንደፈራችው እናቷ አላለቀሰችም። በድካም በሩን ተደገፈች እንጂ።

«ተዋት አባዬ። ትውረድ። አንድ ዓመት ምን አላት? ደህና ሆና በሁለት እግሯ መሄዷ ይበቃኛል።»

«እኔ አልወርድም» አለች ልጅቷ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። «እግሯ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላቷም ጄሶ ይፈልጋል ይሉኛል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚልሽ?»

«እስካሁን ማንም አላለኝም። ከወረድኩ ግን ይሉኛል።»

እናቷ ወረቀቱን መልሳ ሰጥታው ሄዱ። ሽማግሌው መንገድ ላይ እስኪሰወሩ በበሩ አያቸው። ልጅቷ ስትራመድ የቀኝ ትከሻዋን ዝቅ ታደርጋለች።  «ትዋሺኛለሽ» ያላትም ምላሱ ላይ መራራ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከመክፈቱ በፊት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በአራቱም ማዕዘን የጠመኔ ቁራጭ ጫነበት። እሱ ራሱ ትምህርት ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው። ግን ጥፋት አይቶ ምክንያቱን መፈለግ የዕለት ሥራው ነው። ኮት አምጥተው «ትከሻው ይስበኛል» ይሉታል፤ ለብሰው እንዲቆሙ ያደርግና ዝም ብሎ ያያል። ስፌት አንድ ቦታ ብቻ ከተጣመመ ጥፋቱ የእጅ ነው። ስድስት ቦታ ተጣሞ ስድስቱም ወደ አንድ በኩል ከሆነ ግን እጅን መውቀስ አይገባም፤ ጥፋቱ ከቅዱ፣ ከአቆራረጡ ነው።

ስድስቱን ኤክሶች አያቸው። ድርሻው ሁሉ ልክ ነው። አንድም ቦታ አልሳተችም። የሳተችው ቀሪውን ብቻ ነው። ልጅ ሲገምት እንዲህ አይገምትም።

ቁልፍ አውጥቶ በሸሚዝ ሸሚዝ ደረደረ። አሥራ ሰባት ለአራት። አራት ሸሚዝ ሞላ፣ አንድ ቁልፍ ተረፈ። እሷ የጻፈችው ሦስት ነው። ያቺን አንዷን ቁልፍ ለአምስተኛ ሸሚዝ አስቀመጣትና ከልማዱ የተነሳ፣ ሳያስበው፣ ጮክ ብሎ «ሦስት ይጎድላል» አለ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሃያ ሦስት ለአምስት። አራቱ ሞሉ፤ ለአምስተኛው ሦስት አለ፣ ሁለት ይጎድላል። ሁለት ብላለች። ሃያ ለስድስት፤ አራት ይጎድላል። አራት ብላለች። ሃያ ዘጠኝ ለዘጠኝ፤ ሰባት ይጎድላል። ሰባት። ሠላሳ ስምንት ለሰባት፣ አራት። አሥራ ዘጠኝ ለስምንት፣ አምስት። ወደ ራይቶቹ ሄደ። ሃያ ስድስት ለአራት፤ ሁለት ይተርፋል፣ ሁለትም ይጎድላል። አሥራ አምስት ለስድስት፤ ሦስት ይተርፋል፣ ሦስትም ይጎድላል። ሁለቱ ደግሞ ያለምንም ትራፊ የሚያልቁ ናቸው። አራቱም ልክ የሆኑት ወዲያም ወዲህም አንድ ስለሚሆኑ ብቻ ነው።

«አልተሳሳተችም» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ሰዓት ጠጋኙ።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም። ያልጠየቋትን ነው የመለሰችው። ያልጠየቋትን ደግሞ አሥሩንም ልክ መልሳለች።»

ሰዓት ጠጋኙ ማጉያውን አውጥቶ መጣና አጎንብሶ አየ። «አሃ» አለ። «ታዲያ የጎደለውን ቁጠሪ ያላት ማን ነው?»

 አሥራ አንድ ሳምንት ልጅቷ ቁልፍ በደረደረች ቁጥር «ስንት ይጎድላል?» እያለ የጠየቃት ማን እንደሆነ ሽማግሌው ያውቃል። ለልብስ ሰፊ የተረፈ ቁልፍ ጉዳዩ አይደለም፤ ቆርቆሮው ውስጥ ይጠብቃል። ሰው የሚያስሮጠው የጎደለው ነው። ግን ይሄ ብቻውን አልጎረበጠውም። «ቀሪ» የሚለው ቃል ነው የጎረበጠው። እሱ ከትናንት በፊት ይህን ቃል በዚህ ቤት ተናግሮት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ዓይኑን ሳታይ ተቀመጠች። መኪናውን አቆመ።

«ትናንት ትዋሺያለሽ ብዬሻለሁ» አላት። «አልዋሸሽም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከመጋረጃው ወዲያ መሣሪያ ሲወድቅ ተሰማ። «ቀኑን ጻፉልኝ!» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ሲል አልሰማሁም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? እሜቴ፣ ነይ እስኪ። ቀሪ ማለት ምን ማለት ነው?»

እሜቴ የሚላት ልቧ ሲቀየም ነው፤ እሷም ታውቃለች። ቀስ ብላ ተነሳች።

«ያልመጣ» አለች።

«የት ያልመጣ?»

«ክፍል ነዋ! ጠዋት ጠዋት ቲቸር ስም ትጠራለች። ከዚያ ‹ቀሪ ስንት ነው?› ስትል የክፍል አለቃው የሌሉትን ቆጥሮ ይነግራታል። ሁለት ካልመጡ ቀሪ ሁለት ይላል።» ቀጠለች፦ «እኔ ብቻዬን ሃምሳ አምስት ቀን ቀሪ ነበርኩ። መዝገቡ ላይ አይቼዋለሁ። በቀይ ነው።»

«ማካፈል ላይስ? ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ አልነገሩሽም?»

«ሲነግሩ እኔ የለሁማ።»

 ሽማግሌው ቀለል ያለ መልስ ፈለገ። «እሱ ሌላ ቀሪ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» ማለት ይችላል፤ ግን ልጅቷ አስባ የደረሰችበትን ነገር እንዲሁ ከእጇ መንጠቅ ሆነበት። ሃያ ሦስቱን ቁልፎች አፈሰሰ። አራት የተጀመሩ ሸሚዞች ከማንጠልጠያው አውርዶ ወንበሩ ላይ ዘረጋ።

«እነዚህን አምስት አምስት አድርገሽ ሸሚዛቸው ላይ አድርሺያቸው።»

አደረሰቻቸው።

«ጠረጴዛው ላይ ማን ቀረ?»

«ሦስት ቁልፎች።»

«ሌሎቹ ሄዱ፤ እነዚህ ቀሩ። የሒሳብ ቀሪ እነዚህ ናቸው። ያልሄዱት።»

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። በቀላሉ የምትረታ ልጅ አይደለችም።

«ግን ሸሚዙ ጋ የሉም፣ አባባ። አምስተኛው ሸሚዝ ስም ቢጠራ ሁለት የሉም።»

«እውነትሽን ነው። ከሸሚዙ በኩል ካየሽው የጎደለውን ትቆጥሪያለሽ። ከጠረጴዛው በኩል ካየሽው ያለውን። መምህርቷ የምትጠይቅሽ ከጠረጴዛው በኩል ነው።»

ልጅቷ ሦስቱን ቁልፎች በመዳፏ ሸፈነቻቸው።  ከዚያ ቀና አለች።

«ትምህርት ቤት በኩል ቀሪ ስሆን የለሁም ማለት ነው። እዚህ በኩል ግን አለሁ። እዚህ ነበርኩ አይደል? ቁልፍ እየደረደርኩ።»

«ነበርሽ እንጂ።»

«ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ነው።»

«ሁለቱም። ፈተናው ላይ ግን አንዱን ነው የሚፈልጉት።»

«የሚፈልጉትን እሰጣቸዋለሁ» አለች፤ እጇንም አነሳች። «ሦስት።»

ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም ተለማመዱ። ሽማግሌው እየሰፋ ይጠይቃል፤ እሷ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ትመልሳለች። አንዳንዴ አሮጌው መልስ ቀድሞ ከአፏ ይወጣል፤ ያኔ ሰዓት ጠጋኙ ከወዲያ «ሸሚዝ!» ብሎ ይጮኻል፣ እሷም «ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ» እያለች ታርማለች። ሐሙስ ለታ እሷም በተራዋ ሰዓት ጠጋኙን ጠየቀችው። «ሃምሳ ሰዓት ቢኖርህ፣ በቀን ስድስት ብትጠግን፣ ስንት ይቀርሃል?» ሰዓት ጠጋኙ ወደ ጣሪያው እያየ አሰላና «ሃምሳውም» አለ። ልጅቷ እስክትታፈን ሳቀች። የሰባትና የስምንት ብዜት ግን አልያዘላትም። ሰባት ሲባል ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስምንት ሲባል ጣት ያልቅባታል። ለዚያ ጊዜ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት አያቷ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ አብሯት ሄደ። መንገድ ላይ አሰበበት፤ ከፈተናው በፊት ለመምህርቷ ነገሩን ሊያስረዳት ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅቷ ቆመች።

«አትንገራት።»

«ምኑን?»

«ታውቃለህ። ከተነገራት አዝናልኝ ነው የምታሳልፈኝ። ሌሎቹ በራሳቸው ነው ያለፉት።»

ክርክር አልወደደም። ኮሪደሩ ላይ ከክፍሉ በር ማዶ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እዚያ ተቀመጠ። በመስኮቱ የክፍሉን ግማሽ ያያል። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ታጭቀዋል። የልጅ ልጁ ጥግ ላይ ነች፤ እግሯን መተላለፊያው ላይ ዘርግታለች። መምህርቷ ጥያቄዎቹን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። አያትየው ከሩቅ ማንበብ አልቻለም፤ ስለዚህ የሚያነበው የልጅቷን ትከሻ ነው። ሲዝናና ደህና ነው። ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ያን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት መጥቷል። አንድ ጊዜ የጻፈችውን ሰረዘች፤ ብዕሩን ነከሰች፤ እንደገና ጻፈች። ሽማግሌው መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጠረገ።

ወረቀቱ ተሰበሰበ። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ግን ውጤት እስኪነገር አልወጡም። መምህርቷ ጠረጴዛዋ ላይ ከላይ ከላይ አረመች። ከዚያ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ወጣት ናት፤ ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተዋል።

«እርስዎ አያቷ ነዎት?»

«ነኝ፣ መምህርት።»

«ስምንት አምጥታለች።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አወረደ። ስምንት ራይት። አንዱ ጋ፣ አርባ ሰባት ለስድስት በሚለው ላይ፣ «ቀሪ 1» ተጽፎ ተሰርዟል፤ አጠገቡ «ቀሪ 5» ተጽፏል። ብዕሩን የነከሰችው እዚህ ነው።

«እነዚህ ሁለቱስ?» አለ። «ምን ሆና ነው?»

መምህርቷ አጎንብሳ አየች። «ሃምሳ ስምንት ለሰባት። ሰባት ይደርሳል፣ ቀሪ ዘጠኝ ብላለች። ዘጠኝ ውስጥ ሌላ ሰባት እንዳለ አላየችም። ይቺኛዋ ደግሞ ስምንትን በአራት ስታባዛ ሠላሳ አንድ አድርጋዋለች።» ፈገግ አለች። «አያስቡ። ይሄ የሁሉም ነው። ግማሹ ክፍል ሃምሳ ስምንቱን እንዲሁ ስቶታል።»

«እንዲሁ?»

«ሰባት፣ ቀሪ ዘጠኝ። ሃያ ያህል ልጅ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አልመለሰም። ስምንቱን ራይቶች ትቶ ሃምሳ ስምንቱ ላይ ያለውን ኤክስ ነው የሚያየው። ያለፈው ፈተና ስድስት ኤክሶች የእሷ ብቻ ነበሩ። ይሄኛውን ከሃያ ልጅ ጋር ነው የተሳሳተችው።

«ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች መምህርቷ። «በአራት ቀን ምን አደረጓት? እኔ ዝም ብላ የምትገምት መስሎኝ ነበር።»

ከፈተና በፊት አትንገራት ነው የተባለው። አሁን ፈተናው አልፏል። ነገራት፤ በአጭሩ፤ ስለ ስም መጥሪያውና ስለ ቁልፎቹ። መምህርቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ መሀል ላይ ሳቋን ተወችው። ያለፈውን ወረቀት ጠየቀችው፤ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስድስቱን አንድ በአንድ አሰላች።

«በየቀኑ ነው የምጠራው» አለች ለራሷ ያህል። «ለሁለቱም ያንኑ ቃል ስናገር አንድ ቀን ልብ አላልኩም።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ይሄን እኔ ልያዘው? ሌሎችም ይኖሩኛል። ‹ትገምታለች› ያልኩት እሷን ብቻ አይደለም።»

«ያዙት። እኔ አልፈረምኩበትም።»

መምህርቷ ገብታ ውጤት አነበበች። ልጅቷ ስምንት ስትሰማ አልጮኸችም፤ ትከሻዋ ብቻ ወደ ቦታው ወረደ። ወረቀቷ ሲደርሳት ወዲያው ኤክሱን ፈለገች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ጄሶ! አንቺም ቀሪ ዘጠኝ ብለሻል?»

«አዎ። አንቺስ?»

«እኔም! እሱም! እስኪ ያንተን አሳየን!»

ሦስት ወረቀት ተደረደረ፤ ራሶቻቸው ተጋጠሙ። ልጅቷ ጣቷን ዘጠኙ ላይ አድርጋ አንድ ነገር እያስረዳቻቸው ነው፤ ወይም እየተከራከረች ነው፤ ከውጭ አይለይም። ወደ መስኮቱ አላየችም።

ሽማግሌው ትንሽ ጠበቃት። ሊሰናበታት ነበር። ከዚያ ተወውና ኮቱን ቆልፎ ወጣ፤ ኮሪደሩን ሲጨርስ አሁንም ሲጨቃጨቁ ይሰማዋል።